በኒውዮርክ ከተማ መልካሙን ቤግል ስለ መፈለግ

በዓለም ያለ ታላቅ ከተማ ሁሉ ከሌላው የሚለይበት የየራሱ እህል አለው። የፓሪስ ሰው በረዥሙ ዳቦው፤ የናፖሊ ሰው በፒሳው፤ የኒውዮርክ ሰው ደግሞ ቤግል በሚባለው፤ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ መካከሉ ቀዳዳ በሆነው ዳቦ ይመካል። ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በዚያ ከተማ ሰዎች በብዙ ነገር ይከራከራሉ፤ ነገር ግን «ከሁሉ የሚበልጠው ቤግል የሚሸጠው በየትኛው ቤት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፤ ዳኛ የማይቆርጠው ሙግት ይነሣል። እያንዳንዱ ሰው የሰፈሩን ቤት ያመሰግናል፤ የሌላውን ሰፈር ቤት ይነቅፋል።

ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቀመጫ ስለ ሆነች፤ ከአገራችን በመልእክትም፤ በትምህርትም፤ ዘመድ ለመጠየቅም ወደዚያ የሚሄዱ ቤተ ሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። ለእንግዳ ሰው የሱቆችን ስም ዝርዝር ይዞ ከመዞር ይልቅ፤ መልካሙን ከክፉው የሚለይበትን ምልክት ማወቅ ይበልጥበታል። ሱቅ ይከፈታል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ስለዚህ አስቀድሞ ስለ እህሉ አመጣጥና አሠራር፤ ቀጥሎም ስለ ምልክቶቹና ስለ አንዳንድ የታወቁ ቤቶች በአጭሩ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ስለ አመጣጡ

ቤግል በመጀመሪያ የአሜሪካ እህል አልነበረም፤ በምሥራቅ አውሮጳ፤ ይልቁንም በፖላንድ ይኖሩ የነበሩት አይሁድ እህል ነበረ። ስለ ትውልዱ የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ ይኸውም በ1683 የፖላንድ ንጉሥ ዮሐንስ ሶቢየስኪ የቪየናን ከተማ ከከበቧት ቱርኮች ባዳነ ጊዜ፤ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ፈረሰኛውን ንጉሥ ለማክበር በርካብ አምሳል ዳቦ ጋገረ የሚል ነው። ተረቱ ፈረስ ለሚወድ ሰው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እውነት ሊሆን አይችልም። በክራካው ከተማ የነበረው የአይሁድ ማኅበር በ1610፤ ማለት ከዚያ ጦርነት 73 ዓመት አስቀድሞ፤ ልጅ በሚወለድበት ጊዜ ስለሚደረገው ድግስና ስጦታ ባወጣው ደንብ ውስጥ የቤግል ስም ተጽፎ ይገኛልና። በአገራችን አራስ በገንፎ እንደምትጠየቅ፤ በዚያም አገር ይህ ቀለበት ዳቦ የልደት ደስታ እህል ነበረ ማለት ነው።

ከ1880 ገደማ ጀምሮ፤ የስደተኞች መግቢያ በ1924 በወጣው ሕግ እስኪጠብ ድረስ፤ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁድ ከምሥራቅ አውሮጳ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ በኒውዮርክ በማንሃታን ደሴት፤ ታችኛው ምሥራቅ በሚባለው ሰፈር ተጨናንቀው ተቀመጡ። ዳቦ ጋጋሪዎቹም ከምድር በታች ባሉ ሙቀታቸው በማይቻል ጓዳዎች ሌሊቱን ሙሉ እየሠሩ ጧት ለከተማው ሕዝብ ያቀርቡ ነበር።

እነዚህ ሠራተኞች ቁጥሩ 338 በተባለ ማኅበር ተባብረው ነበር። አባላቱ 300 ያህል ብቻ ሲሆኑ፤ ስብሰባቸውን ዪዲሽ በሚባለው በአባቶቻቸው ቋንቋ ያካሂዱ፤ ሥራውንም ከልጅና ከቅርብ ዘመድ በቀር ለሌላ አያስተምሩም ነበር። በአንድ ሌሊት ሥራ አራት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሁለቱ ሊጡን በእጃቸው እየጠቀለሉ ቀለበት ያደርጉታል፤ አንዱ በፈላ ውኃ ይቀቅለዋል፤ አንዱም በምድጃው ይጋግረዋል። የማኅበሩ ኃይል እንዴት ያለ እንደ ነበረ በ1951 በታኅሣሥ ወር በተነሣው ክርክር ታወቀ፤ በከተማው ከነበሩት 34 የቤግል መጋገሪያዎች 32ቱ ተዘጉና ጋዜጦቹ «የቤግል ረኃብ» ብለው ጻፉ።

ነገር ግን ሥራ ማቆም ያልጣለውን ማኅበር መኪና ጣለው። ዳንኤል ቶምፕሰን የተባለ ሰው ሊጡን እየጠቀለለ ቀለበት የሚያደርግ መኪና አበጀ፤ በ1963ም ከኒውዮርክ ውጭ በኒው ሔቨን ከተማ የነበረው የሌንደር ቤተ ሰብ መኪናውን ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። ይህ ቤተ ሰብ ቤግሉን በበረዶ አድርቆ በከረጢት እያሸገ በአሜሪካ ሁሉ ሸጠው። ቤግልን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ የገጠር ሰው አወቀው፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ያወቀው ለስላሳውንና ጣፋጩን እንጂ እውነተኛውን አልነበረም፤ ብዙ ሰው እውነተኛውን ሳይቀምስ ስለ ቀረ ልዩነቱን የሚጠይቅ ጠፋ። 1970ዎቹ ሲጀምሩ የቀድሞው ማኅበር በሌላ ማኅበር ተዋጠና ስሙ ብቻ ቀረ። የሚያስተውል ገዢ ከሌለ የሚያስተውል ሠራተኛ አይቆይም፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ነው።

ስለ አሠራሩ

እውነተኛ ቤግል የሚሠራው ሙጫ መሳይ ኃይል ከበዛበት ጠንካራ የስንዴ ዱቄት፤ ከውኃ፤ ከጨው፤ ከእርሾና ከብቅል ነው። ብቅሉ ለጠላችን እንደምናበቅለው ያለ የገብስ ብቅል ሆኖ ውኃ አውጥተው እንደ ማር ያወፈሩት ነው። ሊጡ ከሌላ ዳቦ ሊጥ ይልቅ ጠጣር ነው፤ ስለዚህ ለሚያቦካው ሰው ክንድ አድካሚ ነው።

ቀለበቱ ከተሠራ በኋላ ወዲያው አይጋገርም። በቀዝቃዛ ክፍል አንድ ሌሊት፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ያድራል። በብርድ ውስጥ እርሾው በዝግታ ስለሚሠራ ጣዕሙ ይጠልቃል፤ ቅርፊቱም ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ። በማግሥቱ ብቅል በገባበት በፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። በዚህ ጊዜ የላይኛው ዱቄት በስሎ እንደ ስስ ቆዳ ይሆንና ሊጡ በምድጃ ውስጥ ከመጠን በላይ እንዳያብጥ ያስረዋል፤ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ለጥርስ የሚታገል፤ ውጭው የሚያብረቀርቅ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከዚያም እርጥብ ጆንያ በለበሰ ሳንቃ ላይ ተደርድሮ ወደ ምድጃው ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ይገለበጥና በትኩሱ ድንጋይ ላይ ይበስላል።

የከተማው ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶ «ምሥጢሩ ውኃችን ነው» ይላል። እርግጥ ከካትስኪል ተራሮችና ከዴላዌር ወንዝ አካባቢ የሚመጣው የኒውዮርክ ውኃ ለስላሳ፤ ማለት ማዕድን ያነሰበት ነው፤ ይህም ለሊጡ ጠባይ ጥቂት ይረዳል። ነገር ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንዳስረዱት የውኃው ድርሻ ትንሽ ሲሆን፤ ትልቁ ድርሻ የቀዝቃዛው ሌሊትና የመቀቀሉ ነው። በውኃው የሚመካ ሁሉ መልካም ጋጋሪ ቢሆን ኖሮ በዚያ ከተማ መጥፎ ቤግል ባልተገኘ ነበር፤ መጥፎው ግን ሞልቷል።

መልካሙን ስለ መለየት

በመጀመሪያ መቀቀሉን መርምሩ። ብዙ ቤቶች ድካምና ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ ቤግሉን ሳይቀቅሉ በእንፋሎት ብቻ ይጋግሩታል። ይህን ለማወቅ ቤግሉን ገልብጦ ታቹን ማየት ይበቃል፤ ታቹ እንደ ወንፊት በነጠብጣብ የተወጋ የመሰለ እንደ ሆነ፤ በመኪና ምድጃ መደርደሪያ ላይ በእንፋሎት የተጋገረ መሆኑ ያስጠረጥራል። ፊቱ የሚያብረቀርቅና ጥቃቅን እብጠት ያለበት እንደ ሆነ ግን መልካም ምልክት ነው።

ሁለተኛ መጠኑን ተመልከቱ። የቀድሞው ቤግል ትንሽ ነበረ፤ ክብደቱም ከ2 እስከ 3 አውንስ ነበረ። ዛሬ ግን በብዙ ቤቶች ከ4 እስከ 6 አውንስ ደርሷል። ትልቅነቱ ለዐይን ደስ ቢያሰኝም ቀዳዳው እየጠፋ፤ ውስጡም እንደ ተራ ዳቦ እየላላ ይሄዳል። ቀዳዳው ሳይጠፋ የቀረ ቤግል፤ ቅርፊቱ ከውስጡ ጋር የተመጣጠነ ነው።

ሦስተኛ ሰዓቱን ጠይቁ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ቅቤም ዘይትም ስለሌለበት ቤግል ቶሎ ይደርቃል፤ ጧት እንደ ሐር የነበረው ማታ እንደ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ የከተማው ልማድ አዋቂ ወደ ሱቁ ሲገባ «እገሌ የሚባለውን ስጡኝ» አይልም፤ «አሁን ከምድጃ የወጣው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስመ ጥር ከሆነ ቤት የተገዛ የአራት ሰዓት ቤግል፤ ስም ከሌለው የሰፈር ቤት ከተገዛ ትኩስ ቤግል ያንሳል። በስሙ ምክንያት ረዥም ሰልፍ ያለበት ቤት መልካም የሚሆነው፤ ሰልፉ ምድጃውን ስለማያሳርፍ ነው እንጂ ስሙ በራሱ ዳቦውን ስለሚያለሰልስ አይደለም።

አራተኛ፤ ዳቦውን ቶስት ሳታስደርጉ ቅመሱ። ትኩስ ቤግል እንደ ገና በእሳት መጠበስ አያስፈልገውም፤ አንዳንድ ቤቶችም ለብዙ ዘመን ቶስት አናደርግም እያሉ ይከለክሉ ነበር። መጥበስ የሚያስፈልገው ያደረ ጊዜ ነው። ሳይጠየቅ ሁሉን የሚጠብስ ቤት የትናንቱን ከዛሬው ቀላቅሎ እንዳይሸጥ መጠራጠር ይገባል።

ስለ አንዳንድ የታወቁ ቤቶች

ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቅርብ የሆነው በሦስተኛው ጎዳና ያለው ኤስ-አ-ቤግል ነው። ይህ ቤት በ1976 የተመሠረተ ሲሆን ስሙ በዪዲሽ «ቤግል ብላ» ማለት ነው። ቤግሉ ትልቅና ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ መጠኑ ከላይ በተናገርነው ቢነቀፍም፤ ጧት ጧት ሰልፉ ስለማይቋረጥ ትኩስ ይገኝበታል።

በታችኛው ምሥራቅ በግራንድ ጎዳና ኮሳር የሚባለው ከ1936 ጀምሮ የቆየ ቤት አለ። ይህ ቤት ቤግልም ቢሸጥ የታወቀው በቢያሊ ነው። ቢያሊ በፖላንድ ካለችው ከቢያሊስቶክ ከተማ የመጣ፤ ሳይቀቀል የሚጋገር፤ በመካከሉ ቀዳዳ ሳይሆን ሽንኩርት የተጨመረበት ጎድጓዳ ያለው ዳቦ ነው። ሁለቱን አንድ ቀን አጠገብ ለአጠገብ የቀመሰ ሰው የመቀቀልን ጥቅም ያለ መምህር ይረዳዋል።

ከዚያው ሰፈር በሂውስተን ጎዳና «ረስና ሴት ልጆቹ» የሚል ጽሕፈት በደጁ ያለበት ሱቅ ይገኛል፤ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ታሪኩ የሚጠቅም ነው። ጆኤል ረስ የተባለ ከፖላንድ ምድር የተሰደደ ሰው በ1914 ሱቁን ከፈተ። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ሦስት ሴቶች ልጆች ግን ነበሩት፤ እነርሱም ሐቲ፤ አይዳና አን ይባሉ ነበር። «ከነልጆቹ» ብሎ በወንዶች ስም ሱቅ መሰየም ልማድ በነበረበት ዘመን፤ በ1930ዎቹ ሴቶች ልጆቹን ሸሪክ አድርጎ በሱቁ ሰሌዳ ላይ አጻፋቸው። ሱቁ እስከ ዛሬ በዘሮቹ እጅ ነው። ዋናው ሸቀጡ በጨውና በጭስ የተዘጋጀ ዓሣ ነው፤ የአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተትን በአንድ ማዕድ ስለማይፈቅድ፤ ሥጋ የሚሸጥበት ቤት ሌላ፤ ዓሣና አይብ የሚሸጥበት ቤት ሌላ ሆኖ ተለይቶ ነበርና። ቤግል ከሳልሞን ዓሣና ከለስላሳ አይብ ጋር የተጋባው በእነዚህ የዓሣና የአይብ ቤቶች ዘመን ነው። በላይኛው ምዕራብ በአምስተርዳም ጎዳና ያለው ባርኒ ግሪንግራስም በ1908 የተጀመረ፤ ከ1929 ጀምሮ በዚያው ስፍራ የቆየ፤ የዚሁ ዐይነት ቤት ነው።

ኤችና ኤች የተባለውን ቤት በ1972 የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ደግሞ ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ነበሩ፤ ስሙም ሔልመርና ሔክቶር ከሚለው ከስማቸው መጀመሪያ ፊደል የተወሰደ ነው። በብሮድዌይ የነበረው የመጀመሪያው ሱቃቸው በ2011 ተዘጋ፤ በሁለተኛው ጎዳና ያለው ግን ቀጠለ። አብሶሉት የሚባለውን፤ ብዙ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነው ይለው የነበረውን ቤት ያቆመው ከታይላንድ የመጣ ሰው ነበረ፤ እርሱም በታኅሣሥ 2024 ተዘጋና ደንበኞቹ አዘኑ። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። ማኅበሩ ለልጁ ብቻ ያስተምረው የነበረው ጥበብ ወደ ሌላ ሕዝብ እጅ ተሻግሮ ሕይወት አገኘ፤ ደግሞም ከሁሉ የበለጠ የተባለው ቤት በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል።

ጊዜ ያለው ሰው ከማንሃታን ወጥቶ በክዊንስ በኩል ወደ ዋይትስቶን ሰፈር ቢሄድ፤ በ1981 የተከፈተውን ዩቶፒያን ያገኛል። በሩቅ ሰፈር ያሉ ቤቶች ጎብኚ ስለማይበዛባቸው በየዕለቱ የሚያገለግሉት ያንኑ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትን ደግሞ ሁለት ጊዜ ማታለል አይቻልም።

ስለ አገዛዙና ስለ ቤት አያያዙ

ቤግል ሜዳውን፤ ወይም ሰሊጥ፤ ጥቁር ደቃቅ የፖፒ ፍሬ፤ ቀይ ሽንኩርት፤ ነጭ ሽንኩርትና ጨው እየተነሰነሰበት ይሸጣል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድነት የተነሰነሱበት «ሁሉም ያለበት» ይባላል። አዲሱን ቤት ለመመርመር የሚወድ ግን ሜዳውን ይግዛ፤ ሽንኩርት የብዙ ጋጋሪ ኃጢአት ይሸፍናልና። በሚጾሙበት ወራት ለሚጓዙ ወገኖቻችን ሜዳው ቤግል ወተትም ቅቤም የለበትም፤ ነገር ግን ቢጫው የእንቁላል ቤግል ስለሆነ ጠይቆ መግዛት ይገባል። በአይቡም ፈንታ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጾም ቅብ በብዙ ቤት ይገኛል። የዓሣውን ነገር ለየሰው ኅሊና እንተወዋለን።

የሒሳብ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በኒውዮርክ ሕግ ሳይቆረጥ ወደ ቤት የሚወሰድ ቤግል እንደ ተራ ዳቦ ስለሚቆጠር የሽያጭ ግብር አይከፈልበትም። በሱቁ ውስጥ የተቆረጠ፤ አይብ የተቀባ፤ ወይም እዚያው ተቀምጠው የሚበሉት ግን እንደ ተዘጋጀ ምግብ ተቆጥሮ በከተማው ከመቶ 8.875 ግብር ይከፈልበታል። ለቤተ ሰብ በደርዘን የምትገዛ እመቤት እንግዲህ ቢላዋዋን በቤቷ ብታዘጋጅ ይበጃታል።

ሲቆርጡም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቤግልን በእጅ መዳፍ ይዘው ሲሰነጥቁ ብዙ ሰዎች እጃቸውን ይቆስላሉ። ቤግሉን በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ፤ መዳፍን ከላይ ዘርግቶ፤ መጋዝ መሳይ ጥርስ ባለው ቢላዋ ወደ ጎን መቁረጥ ደኅና ነው። የተረፈውን በተራ ማቀዝቀዣ አታስቀምጡት፤ በዚያ ውስጥ ከውጭው ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል። በተገዛበት ቀን ለሁለት ሰንጥቆ፤ አየር እንዳያገኘው አሽጎ በረዶ በሚያደርገው ክፍል ማኖርና ሲያስፈልግ አውጥቶ መጥበስ መልካም ነው፤ ቶስት ቦታው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ቤግል የቱ ነው? ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ የሱቅ ስም አይደለም። በእጅ ወይም በጥንቃቄ የተጠቀለለ፤ በብርድ ያደረ፤ በብቅል ውኃ የተቀቀለና ከምድጃ ከወጣ አንድ ሰዓት ያልሞላው ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ ቤግሉን ሲገለብጥና ሰዓቱን ሲጠይቅ፤ ሻጩ ድካሙን የሚያይለት ሰው እንዳለ ያውቃል፤ በማግሥቱም ጆንያውን ማርጠብና ድስቱን ማፍላት አይተውም። ገዢው ዝም ብሎ ስሙን ብቻ የገዛ እንደ ሆነ ግን፤ በ1963 የሆነው እንደ ገና ይሆናል፤ ዳቦው በስሙ ይቀራል፤ ሥራውም ይጠፋል።